የፊልሙ ሐሰተኛ ምስክር የእውነት ቃሉ እንዲሰማለት

ቀን፦ ጥር 17 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወረዳው የገጠር መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ፍኖተ ሰላም

ጉዳዩ፦ የፊልም ተዋናይ በመሆኔ ብቻ ምስክርነቴ እንዳይሰማ የግራር ውሃ ቀበሌ የመሬት ኮሚቴ የሰጠው ውሳኔ ተሽሮ ቃሌ እንዲመዘገብልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ምናለ አዛናው፣ ዕድሜዬ 48 ዓመት፣ ትውልዴ ከማንኩሳ ወዲህ ግራር ውሃ ሲሆን፣ አሁን የፍኖተ ሰላም ነዋሪ፣ የሦስት ልጆች አባትና የሃያ ሰባት ፊልሞች ተዋናይ ነኝ። ከሃያ ሰባቱ በአንዱም መሪ ተዋናይ ሆኜ አላውቅም። ሌባ፣ ደላላ፣ ዓይነ ስውር፣ ዳኛ፣ ክፉ አማች፣ ሁለት ጊዜ የፖሊስ አዛዥ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የፖሊስ አዛዡ የሚያሳድደው ሰው ሆኛለሁ። ሙያውን የጀመርሁት በሬሳነት ነው። በ1998 ዓ.ም. ፊልም ሠሪዎች ቡሬ አጠገብ ለቅሶ ሲቀርጹ፣ ሬሳ ይሆናል ብለው ያመጡት ሰው ዝንብ ባረፈበት ቁጥር እያስነጠሰ አስቸገራቸው። እኔ ቆሞ ከሚያየው ሰው መካከል ነበርሁ፤ «እኔ ልተኛላችሁ» አልሁ። ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልነቃነቅ ዋልሁ። አዘጋጁም ማታ ሲሰናበቱ፣ «ዛሬ ሥራውን በትክክል የሠራ ሟቹ ብቻ ነው» አሉ።

2. ሙያው ጣጣ እንዳለው አልክድም። ቡሬ ገበያ አንዲት እናት «ምራትህን በዝናብ ያባረርህ አንተ አይደለህም?» ብለው በጃንጥላቸው ትከሻዬን መትተውኛል። «እማማ፣ እሱ እኮ ፊልም ነው» ብላቸው፣ «ፊልም ቢሆንስ፣ ዝናቡ እውነተኛ አልነበረም?» አሉኝ። ዝናቡስ በእርግጥም እውነተኛ ነበር። ባለቤቴ መምህርት እስከዳርም ስንጣላ «አሁን የሚያናግረኝ ምናለ ነው ወይስ ደላላው?» ትለኛለች። ይህን ሁሉ ችዬ ኖሬአለሁ። አሁን አቤት የምለው ጉዳቱ ከእኔ አልፎ በሌላ ሰው ላይ ስለወደቀ ነው።

3. ጉዳቱ የወደቀባቸው ሰው ወይዘሮ ደጊቱ ይባላሉ። ባላቸው አቶ ሸጋዬ በ2009 ዓ.ም. ያረፉባቸው፣ በግራር ውሃ አንድ ቃዳ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር፣ መሬት ይዘው በርበሬ የሚያለሙ እናት ናቸው። በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ጊዜ እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎልማሳ ሆኜ ገመድ ጎታች ነበርሁ። ይህን መሬት ስንለካ የገመዱን አንድ ጫፍ እኔ፣ ሌላውን ጫፍ አቶ ሸጋዬ ይዘን ነበር። የለኩት ሽማግሌዎች ሁሉ ዛሬ በሕይወት የሉም። በይዞታ ደብተሩም ላይ አዋሳኞቹ ተጽፈዋል እንጂ ልኩ አልተነደፈም። ስለዚህ የወሰን ድንጋዩ የት እንደነበረ የሚያውቅ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ባለቤታቸው በሞቱ በዓመቱ ጎረቤታቸው አቶ ገብረሰንበት ድንጋዩን ወደ እሳቸው መሬት አስገባው። የወሰደው ስፋቱ ስድስት እርምጃ ብቻ ነው። ነገር ግን ያቺ ስድስት እርምጃ የመስኖውን ቦይ ይዛ ሄደች። ወይዘሮ ደጊቱ ከዚያ ወዲህ የበርበሬ ችግኛቸውን የሚያጠጡት ከወንዝ በጀርባቸው በሚያመጡት ጀሪካን ነው።

4. ጥር 6 ቀን ኮሚቴው የወይዘሮ ደጊቱን የወሰን አቤቱታ ሊሰማ ተሰብስቦ እኔ ገመድ ጎታች ነበር ተብዬ ለምስክርነት ቀረብሁ። ገና ስሜን ስናገር አቶ ገብረሰንበት ብድግ አለ። «ጌቶቼ፣ ይኸ ሰው በፊልም መስቀል ጨብጦ በሐሰት ሲመሰክር አገር ያየው ነው። ንጹሑን ሰው አሳስሮታል! ዳኞቹ እንኳ ተታለሉለት፤ እናንተ ላለመታለል ምን ብልሃት አላችሁ?» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ባምላኩም ሳቃቸውን እየዋጡ፣ «ወንድም ምናለ፣ አትቀየመን። አንተ ስታለቅስ እኔም አልቅሻለሁ። እንግዲህ የዛሬውን ከዚያኛው በምን እንለየው?» አሉኝ። በቃለ ጉባኤውም «ምስክሩ ማስመሰል ሙያው በመሆኑ ቃሉ ሊታመን አይችልም» ተብሎ ተጻፈና አንዲት ቃል ሳልናገር ተሰናበትሁ።

5. ክቡር ሆይ፣ ውሳኔው ሕግ ከሆነ ለሁሉም ይሥራ። በዚያው ፊልም ሐኪም የነበረው ሰው ቡሬ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው፤ እስከ ዛሬ መርፌ ውጋኝ ብሎ የሄደበት የለም። እኔም በሌላ ፊልም ዳኛ ሆኜ የሰው መሬት በገፋ ባላገር ላይ አሥራ ሁለት ዓመት እስራት ፈርጄአለሁ። የፊልም ምስክርነቴ የሚጸና ከሆነ የፊልም ፍርዴም ይጽናልኝ፤ አቶ ገብረሰንበትን ነገ ጠዋት ወደ ማረሚያ ቤት ይዤው ልሂድ።

6. አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ከበድ ብሎኛል። ያ ፊልም በ2010 ዓ.ም. የተቀረጸው በአቶ ገብረሰንበት ግቢ ነው። ቤቱንና ፈረሶቹን የሰጠን እሱ ነበር። ሐሰተኛው ምስክር በዕድሜዬ ካገኘሁት ሁሉ ትልቁ ድርሻ ነበረና፣ አሥራ አንድ ገጽ ንግግር ላጠና በማለዳ ወደ ቦዩ ዳር ወረድሁ። እዚያ አቶ ገብረሰንበት የወሰኑን ድንጋይ ነቅሎ በበቅሎ ሲጭን ደረስሁበት። ዓይን ለዓይን ተያየን። «ምናለ፣ አንተ ጥናትህን ቀጥል» አለኝ። ግቢውን ቢከለክለን ፊልሙ ይቀራል፣ ድርሻዬም ይቀራል ብዬ ፈራሁ። ጥናቴን ቀጠልሁ።

በፊልሙ የተናገርሁት ሐሰት ሌላ ሰው ጽፎ የሰጠኝ ነው። ዝምታውን ግን ማንም አልጻፈልኝም።

ኮሚቴው ካሰናበተኝ በኋላ ወደ ወይዘሮ ደጊቱ ሄጄ ይህንኑ ነገርኋቸው። ጀሪካናቸውን ከጀርባቸው አወረዱ። በኋላ፣ «ምናለየ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ውሃ ተሸክሜ ስታገኘኝ ‹እንዴት ዋሉ እታለም› ትለኝ ነበር። እንዴት እንደዋልሁ ታውቅ ኖሯል!» አሉኝ። ይቅር በሉኝ ብዬ ጉልበታቸውን ልይዝ ስል እጄን መለሱት። «ለኔ ነግረኸኝ ምን ይረባኛል? ለሚጽፉት ሂድና ንገራቸው» አሉ። ይህ አቤቱታ በእሳቸው ትእዛዝ የተጻፈ ነው።

7. ጥር 14 ቀን ደግሞ ከሰውየው ፊት ልናገር ብዬ ወደ አቶ ገብረሰንበት ቤት ሄድሁ። ድንጋዩን ሲያነሳ እንዳየሁትና ይህንኑ ለወረዳ እንደማመለክት ነገርሁት። «እሱን ደግሞ ከየትኛው ፊልም አመጣኸው?» ብሎ ሳቀ። ባለቤቱ ወይዘሮ እህተ ማርያም ደጅ ላይ በርበሬ ይለቅሙ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ «የምን ፊልም ነው? ድንጋዩን የተሸከመችው በቅሎ የኔ አይደለችም እንዴ? ጀርባዋ ተልጦ ወር ሙሉ ያከምኋት እኔ ነኝ» አሉ። የአቶ ገብረሰንበት ሳቅ እዚያው ላይ ቆመ። ሴትዮዋ ሊሸኙኝ እስከ አጥሩ መጥተው፣ «እኔ ሄጄ ባሌን አልከስም። ተጠርቼ ከተጠየቅሁ ግን አልዋሽም፤ እሱም ያውቀዋል» ብለውኛል።

8. ስለዚህ፣
ሀ. የኮሚቴው ውሳኔ ተሽሮ የእኔ ቃል እንዲመዘገብ፣ ወይዘሮ እህተ ማርያምም በጽሕፈት ቤቱ መጥሪያ እንዲጠሩ፤
ለ. ባለሙያ ተልኮ እኔ የማመለክተው ቦታ እንዲቆፈር በትሕትና እጠይቃለሁ። በ1989 ድንጋዩን ስንተክል ከሥሩ ክንድ ያህል ዝቅ አድርገን አንድ ቁና ከሰልና የተሰበረ እንስራ ቀብረናል። ድንጋይ በበቅሎ ይሄዳል፤ ከሰሉ ግን ከቦታው አልሄደም። አቶ ገብረሰንበት ያን ቀን ስላልነበረ ይህን አያውቅም። እኔም በኮሚቴው ፊት አልተናገርሁም፤ ሳይሰሙኝ ስላሰናበቱኝ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ከሰሉ ባይገኝ በሐሰተኛ ምስክርነት ልከሰስ፤ ቢገኝም አይቼ ዝም ስላልሁበት ጥፋት የሚገባኝ ተግሣጽ አይቅርብኝ።

ወይዘሮ ደጊቱ ችግኛቸውን በመጋቢት ያፈላሉ። ቁፋሮው ከዚያ በፊት ቢሆን፣ ዘንድሮ ውሃው በራሱ ቦይ ይደርስላቸዋል።

ከታላቅ አክብሮትና ካልተጠና ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ምናለ አዛናው
በእውነተኛ ስሜ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ደጊቱ