እሆ የሚለው ካሴት

አሰላሙ አለይኪ ዘሃራ፣ የሙሄ እናት።

ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቂያለሽ። እኔ እናገራለሁ፣ የግብርና ባለሙያዋ ሰብለ ትጽፋለች። አሳምሪልኝ አላልኳትም፤ ከአፌ እንደወጣ ጻፊው ነው ያልኳት። ጎህ ሲቀድ የጠራኋትም በምክንያት ነው። መርዶ በሌላ ሰዓት አይነገርም።

ልጃችን ሞቷል ዘሃራ። ባድመ ቀርቷል።

ሽማግሌዎቹ የመጡት አንቺን ከቀበርን በኋላ ነው። ጎህ ሲቀድ መጥተው ጫማቸውን አውልቀው ሲቀመጡ ገባኝ። አላለቀስኩም። ቀብሩ የት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው፤ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ወዲህ መቃብርሽ ዘንድ ስመላለስ ከረምኩ፤ አፌ ግን አልታዘዝ አለኝ። እሱ አጠገብሽ ከደረሰ ከእኔ ቀድመሽ ሰምተሻል። ቢሆንም መርዶ በወግ ይነገራል፤ ላንቺ ደግሞ ከእኔ በቀር ሽማግሌ የለሽም።

ቤቱ እንደተውሽው አይደለም። የሮቢ ወንዝ ሞልቶ የሽንኩርቱን መደብ ጠርጎታል። የማሾው አዝመራ ደህና ነው። ፍየሎቹን ሸጥኳቸው፤ አንቺን እየፈለጉ ሲጮሁ አናደዱኝ።

ቴፑ ግን አለ። ሙሄ የከባድ መኪና ረዳት ሳለ ያመጣው ካሴትም ውስጡ ነው። እሱ ከዘመተ ወዲህ የባትሪው ድንጋይ በደከመ ቁጥር ፀሐይ ላይ እያሰጣሽ ትከፍቺው ነበር። የባዕድ ቋንቋ ነው፣ አንዲት ቃል አይገባሽም፤ ታለቅሻለሽ። «አንቺ ሴትዮ፣ ሰውዬው እኮ እያበራየ ነው! እሆ እያለ በሬ ሲነዳ አትሰሚም?» እልሻለሁ። «የአንተ ጆሮ ከበሬ ሌላ ምን ያውቃል! ይሄ ሰው ልጅ ጠፍቶበታል» ትይኛለሽ። እስክትሞቺ ድረስ አልተስማማንም።

ሰብለ ማሾውን ልታይ የመጣች ቀን ካሴቱን ከፍቼ ነበር። ደጃፉ ላይ ቀጥ አለች። አባቷ በሶማሌው ጦርነት ሞቶ መንግሥት ኩባ ልኮ ካሳደጋቸው ልጆች አንዷ ናት፤ ቋንቋው የዚያ አገር ነው። «ጋሼ ሰይድ፣ ይሄ የበሬ አይደለም» አለችኝ። «እሆ ማለት በእነሱ አፍ ልጄ ማለት ነው።»

ረታሽኝ። አንቺ ማንም ሳይነግርሽ አውቀሽዋል።

ዘፈኑን ያወጣው የወደብ ተሸካሚ ነው አለች። ልጁ በመርከብ ሄዶ ቀረበት። «የቤቴን በር አልቀረቅርም» ይላል አሉ፤ «ልጄ ሲገባ ሲጥ እንዳይልበት ማጠፊያውን ዘይት እቀባለሁ፤ መውለድ በር ሳይዘጉ ማርጀት ነው።» ኩባም የትምህርት ቤታቸው ዘበኛ ይህንኑ ዘፈን ይከፍትላቸው ነበር። አባት የሌላቸው ልጆች ተሰብስበው ያንን ይሰማሉ።

ታንጎ ይባላል፣ ወንድና ሴት ደረት ለደረት ተያይዘው ይደንሱበታል ስትለኝ ግን ተቆጣሁ። በልጅ ሀዘን ይደነሳል እንዴ? «ሳይያያዙ መቆም ቢያቅታቸው ይሆናላ ጋሼ» አለች። ሙሄ የዘመተ ዕለት አንቺ ከምሰሶው ወዲያ፣ እኔ ከምሰሶው ወዲህ ተቀምጠን ዋልን። ወጋችን ነው፣ አላፍርበትም። ምሰሶውን ሳየው ግን ያንገበግበኛል።

ዘንድሮ ማሽላውን ሳበራይ እንደ ልማዴ እሆ አልኩ። በሬዎቹ ሄዱ። እኔ አውድማው መሀል ቆሜ ቀረሁ።

አላህ ቀብርሽን ያስፋልሽ። እሱን አፈር ማን እንዳለበሰው አላውቅም፤ ሄጄ ዱዓ የማደርግበት ቦታ የለኝም። ስለዚህ ጉልበቴ እስካለ ድረስ አውድማው ላይ እሆ እላለሁ። በሬዎቹ እነሱን የነዳሁ ይምሰላቸው። ጎረቤትም ሽማግሌው ዛሬም ብርቱ ነው ይበል። አንቺ ግን ድምፄን ስትሰሚ ማንን እንደምጠራ ታውቂያለሽ።