በሐጂ ሳሊም ቤት የሚያሰግደው

ክሪስታል፣ ሚኒሶታ
ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2009

ይድረስ ለልጄ ለኢሽራቅ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አንቺም ባልሽም ልጆቹም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔን ከጉልበቴ በቀር የሚያመኝ የለም።

አሁን እናንተ ያላችሁበትን የአደኑን ቤት ለሐጂ ሳሊም የልጅ ልጅ ለፈይሰል ለመመለስ ውክልና እንድልክልሽ የጻፍሽው ደርሶኛል። አልልክም። እንግሊዝ ከአደን ሲወጣ አንቺ አልተወለድሽም። እኔ ወደብ ላይ ጆንያ የምሸከም የወሎ ሰው ነበርኩ፤ እኛ በተከራየንበት መንገድ ካለው ቤት ግማሹ የሐጂ ሳሊም ነበር። አዲሱ መንግሥት ትርፍ ቤት ወረሰ፤ ተከራይ ከሚኖርበት አይነሳም አለ። ኋላም ቤቱ በስሜ ተጻፈ። ያንን ሕግ ያለ አስተማሪ በተማርኩት ዐረብኛ ከጋዜጣ አንብቤ ለእናትሽ አሰማኋት። ከዚያ ወዲህ የተሻለ ሕግ አላነበብኩም። ሱቁንና ዓሣ ማጥመዱንም ወርሰው አበላሽተውታል፣ ለዳቦም ተሰልፈናል። የቤቱን ግን አላበላሹም።

"በተቀማ ቤት የምሰግደው ሶላት ከበደኝ" ብለሻል። እናትሽ እስክትሞት ሰግዳበታለች፣ አልከበዳትም። ድሮ ሐጂ ሳሊም ኪራይ ሊቀበል መጥቶ ሶላት ከደረሰ፣ "የሚያሰግደው የቤቱ ባለቤት ነው" ብሎ ከፊት ይቆም ነበር፤ እኔ ከኋላው። ቤቱ ከተወረሰ በኋላ ከፊት የምቆመው እኔ ሆንኩ። አንድ ቀን ሊጠይቀን መጥቶ ከኋላዬ ሰገደ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ጅዳ ሄደ።

እዚህም ያው ጣጣ ነው። ወንድምሽ ሙሀይሚን ቤት ገዝቶ ቤዝመንት የሚሉትን ምድር ቤቱን መርጋ ለሚባል የወለጋ ልጅ አከራይቶ ነበር። ዘንድሮ መርጋን ከሚሠራበት ፋብሪካ ቀነሱት። ኪራይ ሲያቅተው ወንድምሽ ልቀቅ አለው። እኔ ፍራሼን ተሸክሜ ወደ ታች ወረድኩና ሁለታችንንም አስወጣን አልኩት።

"አባ፣ ይሄ አደን አይደለም። ባንኩ የቤቱን ዕዳ፣ ሞርጌጁን፣ የሚጠይቀው እኔን ነው።"

"ባንኩም አይጠይቅህ።"

"እሺ፣ እንግዲያው ለባንኩ አንተ ደውልለት።"

ሚስቱ ሙፈሪያት ምሳ ባወረደችልን ቁጥር ትስቃለች። ትንሿ ልጃቸው ቱባማ ለአስተማሪዋ "አያቴ ስትራይክ ላይ ነው" ብላ ነግራታለች፤ አድማ መታ ማለቷ ነው።

ሶላቴን ግን ወደ ላይ ወጥቼ ሳሎን ነው የምሰግደው። የቤዝመንቱ ምንጣፍ እርጥበት ስላለው ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ።

ባለፈው እሑድ መርጋ የደጁን በረዶ ጠርጎ ገባና ቁልፉን ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀመጠው። ብሩክሊን ሴንተር የሚኖር ዘመዱ ጋ ሊጠጋ ነው።

"አባባ ባህሩዲን፣ እርስዎ ወለል ላይ እየተኙልኝ እዚህ አልቀመጥም" አለኝ።

"መብትህ ነው፣ ተቀመጥ።"

"መብቱን እርስዎ ይያዙልኝ" ብሎ ሻንጣውን አነሳ።

የተሟገትኩለት ሰው እንዲህ ጥሎኝ ሄደ። ወንድምሽ አሁን ወደ ክፍልህ ተመለስ እያለ ይለምነኛል። አልመለስም። ቤዝመንቱን ለብቻዬ ይዤዋለሁ። የሚከራከረኝ እንኳ የለም።

ስለዚህ ውክልናውን አትጠብቂ፤ ቃሌ ያው ነው። ፈይሰል ሲመጣ ግን ደጅ አታቁሚው። አያቱ ኪራይ ሊቀበል ሲመጣ ከሰዓት በኋላ ይቀመጥባት የነበረችውን የሰገነት ክፍል ክፈቺለት፣ አየር ይግባባት። ሶላት ከደረሰም ባልሽ ከኋላ ይቁም፤ ፈይሰል ያሰግድ። እንግዳ ስለሆነ ነው።

አላህ የምትኖሩበትን ቤት ሰላም ያድርግላችሁ።

አባትሽ ባህሩዲን