ለስለት የሄደችው የቆርቆሮ ዶሮ

ውድ ልጄ ፍቅርአዲስ፣

ስልኩን ከዘጋሁብሽ ወዲህ እናትሽ በመሃላችን ስትመላለስ ከረመች። "ደህና ነው፣ በልቷል፣ መድኃኒቱን ውጧል" እያለች ስለ እኔ የምትነግርሽን ከጓዳ እሰማለሁ። አሁን ራሴ ልንገርሽ ብዬ ተቀመጥኩ። የምለው ነገር በስልክ የሚወጣልኝ ስላልሆነ በወረቀት ይሁን።

ለቀዶ ሕክምና ባሕር ዳር በተኛሁ ጊዜ እናትሽ ለሚካኤል ተሳለች። ሌላው ሰው ጃንጥላ ወይም ምንጣፍ ነው የሚሳለው። እሷ ግን "በእግሩ ቤቱ ከገባ፣ ማንም እንዳይነካት የሚላትን የቆርቆሮ ዶሮ ይዤ እመጣለሁ" አለች። በእግሬ ገባሁ፤ ነገረችኝም። ቁጣዬን ትጠብቅ ነበር። በዚያ ጭንቀት መሃል፣ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ለእኔ የሚከብደውን ለይታ ማውጣቷን ሳስብ የምቆጣበት ነገር አጣሁ።

መደርደሪያዬን ታውቂዋለሽ። የሽቦ መኪናው አለ፣ ከዘይት ጣሳ የተሠራው አውቶብስ አለ፣ አንድ ዓይኗ የወለቀው አሻንጉሊት አለች። የሁሉ መጀመሪያ ግን ዶሮዋ ናት። ራዲዮ መጠገን ብቻዬን ተምሬ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ደጀን ላይ ከአንድ የከባድ መኪና ሹፌር ገዛኋት። ቁልፏ ሲጠመዘዝ አንገቷን እየደፋች ጠረጴዛውን ትለቅማለች። ልጅ ሆኜ መጫወቻ የሚባል በእጄ ይዤ ስለማላውቅ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ እሷን ሳይ ቀኑን ሙሉ ሳቅኩ። እኔ ስስቅ አይተሽ ስለማታውቂ አታምኚኝ ይሆናል።

አንቺ ደግሞ የእናትሽን ስለት ስትሰሚ፣ ፋብሪካው እንደ ድሮው አድርጎ እንደገና ያወጣትን ዶሮ ከአዳማ ፈልገሽ በአውቶብስ ላክሽ። ደወልሽም።

"አባባ፣ አዲሲቱን ለሚካኤል ይስጡ። የእርስዎ ትቅርልዎት።"

"ያቺ የዶሮዋ ምስል እንጂ ዶሮዋ አይደለችም" አልኩሽ።

"የእርስዎዋም እኮ የዶሮ ምስል ናት አባባ።"

ስልኩን ዘጋሁብሽ። እናትሽም ከጎንሽ ቆመች። "አዲሲቱ ትሂድ፤ አንተ ዶሮህን ይዘህ ኑር። አሁን ዳንክ፣ ምን ጎደለብህ?" አለችኝ።

ከዚያ አጉሊ መነጽሬን አድርጌ ሁለቱን ጎን ለጎን አቆምኳቸው። የአዲሲቱ ቁልፍ ፕላስቲክ ነው። ቀዩ ቀይ ነው፣ ቢጫው ቢጫ ነው፣ ከመስመሩ የወጣ ነገር የለባትም። የአሮጊቷ ቀለም ግን ከሁለቱ ክንፎቿ ሥር ለቆ ቆርቆሮው ያበራል። በግራዋ ያለው ሰፊ ነው፤ አውራ ጣቴን ባስቀምጠው ልክ መጣ። በቀኟ ያለው ትንሽ ነው፣ የልጅ ጣት ነው። በዚያ በኩል ይዞ ቁልፏን የሚጠመዝዝ ግራኝ ብቻ ነው፤ በቤታችን ደግሞ ከአንቺ በቀር ግራኝ የለም።

ልጄ፣ አውቅ ነበር። እኔ ሱቅ ስሄድ ወንበር ላይ ቆመሽ ታወርጃት ነበር። ስመለስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አገኛታለሁ። ማንም እንዳይነካት ብያለሁና ቃሌን አላጠፍኩም፤ ቃሉን የሚያጥፍ አባት ልሆን አልፈለግኩም። ግን ከላይኛው መደርደሪያ ወደ ታችኛው ያወረድኳት፣ ከወንበር እንዳትወድቂ ብዬ ነው። ቁልፏንም የስፌት መኪና ዘይት እቀባው ነበር፣ ለጣትሽ እንዳይከብድ።

ይህን አይቼ አዲሲቱን መስጠት አልቻልኩም። ለሚካኤል የተባለችው የምሳሳላት ናት። የማልሳሳላትን ሰጥቼ በደጁ እንዴት አልፋለሁ?

በኅዳር ሚካኤል ይዣት ሄድኩ። የስለት ጨረታ የሚመራውን አዳሙን ታውቂዋለሽ፣ ያን ባለ ትልቅ ድምፅ። በጎቹና ጃንጥላዎቹ ካለቁ በኋላ ዶሮዋን ለሕዝቡ አሳየ፣ ቁልፏን ጠምዝዞ ጠረጴዛው ላይ አቆማት። አልነቃነቅ አለች።

"ይቺማ የነቢያት ጾም ሳይገባ ጀምራለች" አለ። ሰው ሳቀ። "ጋሽ አገኘሁ፣ ቤትዎ ምን እያበሏት ነው የኖረችው?"

ተቃጠልኩ። በመጨረሻ ከሮብ ገበያ የመጣች ጤናዬ የምትባል ሴት ዋጋ ጠራች፤ የሚጨምርባት አልተገኘምና ዶሮዋ የእሷ ሆነች። ጠጋ አልኩና አሳየኋት።

"ስትጠመዝዢያት ክንፎቿ ሥር ያዣት፤ ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ ላይ፣ በሁለቱም በኩል ጫን አድርጊ።"

ጫን አደረገች። ዶሮዋ ለቀመች። አዳሙ ራሱ እልል አለ።

"መደርደሪያ ላይ ልታስቀምጫት ነው?" አልኳት።

"የምን መደርደሪያ አባቴ? ሦስት ልጆች አሉኝ።"

እንዳይነኳት ልል አፌን ከፍቼ ነበር። "ዘይት ቀቢላት፣ የስፌት መኪና ዘይት" አልኩና ተመለስኩ። በነጠላዋ ጠቅልላ ስትወስዳት እስከ በሩ ድረስ አየሁ።

ቤት ስገባ ቦታዋ ባዶ ነበር። አዲሲቱን መልሼ የከተትኩበትን ካርቶንሽን ከፈትኩ። ዳግመኛ የተሠራ ነገር በዚህ መደርደሪያ ላይ አይወጣም ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁንም ያንቺን ዶሮ አሮጌ ናት አልልም። ፋብሪካ አሮጌ ማስመሰል ይችላል፣ አሮጌ ማድረግ ግን አይችልም፤ እሱን የሚሠራው የሰው እጅ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው መጀመር አለበት ብዬ አወጣኋት። ጠዋት ጠዋት እጠመዝዛታለሁ፣ ትለቅማለች። እናትሽ "ሽማግሌው ዶሮ እርባታ ገባ" እያለች ለጎረቤት ታወራለች።

አመሰግንሻለሁ ልጄ። ባዶ ሊሆን የነበረውን ቦታ ቀድመሽ አስበሽለታል። ስልክ ላይ መልስ ስላሳጣሽኝም ደስ ብሎኛል፤ አባቷን የምትረታ ልጅ ማሳደጌን ያን ቀን አወቅኩ። እናትሽንም አመስግኛለሁ። በቃል አይደለም፤ ግን ገብቷታል።

ለገና ስትመጪ ወንበር አያስፈልግሽም፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ናት። ግራ ክንፏን እኔ ጀምሬዋለሁ። ቀኙን ላንቺ ትቼዋለሁ።

ቁልፏን ዘይት ቀብቶ የሚጠብቅሽ
አባትሽ አገኘሁ
ደብረ ማርቆስ