ሦስት መቶ ዐሥራ ስድስት ሰው ደሙን አምኖ የሰጣቸው የዶክተር ወልደጻድቅ ሳህሉ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ወልደጻድቅ ሳህሉ ከአባታቸው ከአቶ ሳህሉ ወልደአማኑኤል እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለች ጴጥሮስ ኅዳር 12 ቀን 1936 ዓ.ም. በሚዛን ተፈሪ ተወለዱ። አባታቸው በበቅሎ ጨው ጭነው ማጂ የሚዘልቁ ነጋዴ ነበሩ። ልጃቸው ንግዱን እንዲይዙላቸው ቢመኙም፣ በቅሎዋን ትተው የበቅሎዋን ዝንብ ሲመለከቱ የሚውሉ ሆኑባቸውና ተማሪ ቤት አስገቧቸው።

አንደኛ ደረጃን በሚዛን፣ ሁለተኛ ደረጃን በጅማ ተማሩ። በ1954 ዓ.ም. ክረምት ለዕረፍት በመጡበት ጊዜ፣ የሚጥል በሽታ የነበረባት ታናሽ እህታቸው የምሥራች ወንዝ ዳር ልብስ ስታጥብ ወድቃ፣ ቁርጭምጭሚት በማይደርስ ውኃ ሞተች። ዳር የቆመው ሰው ያላነሣት ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የአፏ አረፋ በሽታውን ያጋባል ብሎ ስለፈራ ነው። ወልደጻድቅ የቀረ ዕድሜያቸውን በዚህ ነገር ላይ ጨረሱት።

በ1959 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በባዮሎጂ ትምህርት ተመረቁ። ከዚያም ስዊድን ሄደው ስለ አንጎልና በሕዋሳቱ ውስጥ ስላለው የዘር መልእክት ሰባት ዓመት አጥንተው፣ እዚያው ቢቀሩ ደስታችን ነው ቢባሉም እምቢ ብለው በ1967 ዓ.ም. ዶክተር ሆነው ተመለሱ። ትምህርቱ ምን እንደሆነ ቤት ውስጥ ሲጠየቁ፣ «ሰው ሲወድቅ ከውስጥ ምን እንደሚጥለው ማየት ነው» አሉ። እናታቸውም «ጣዩን እኛም እናውቀዋለን ልጄ፤ የጠፋው የሚያስለቅቀው ነው» አሏቸው። በ1968 ዓ.ም. ከነርስ ለተብርሃን ጋር ተጋብተው ዓለምሸትን ወለዱ።

በ1970 ዓ.ም. ጠይቀው ወደ ሚዛን ተዛወሩ። ወንዝ ዳር የምትናከሰው ትንሽ ዝንብ ቆዳ ከማሳከክና ዓይን ከማጥፋት አልፋ የሚጥለውንም በሽታ ታመጣለች ብለው ጠረጠሩ። «ከዝንብ እንጂ ከሰው እንደማይመጣ ካሳየሁ፣ ሰው የወደቀውን ደፍሮ ያነሣዋል» ይሉ ነበር። ሰባት ዓመት በቴፒና በሸዋ ቤንች በእግራቸው ዞረው ከ316 ሰው ደም ወሰዱ። ብልቃጡን ሁሉ ስም ለጥፈው፣ መሥሪያ ቤታቸው ማቀዝቀዣ ስላልነበረው፣ በታላቅ እህታቸው በማናልሞሽ ቤት በላምባ በሚሠራ ማቀዝቀዣ አስቀመጡ። መመርመሪያው ያለው ስዊድን ነው፤ ደሙን ከአገር ለማስወጣት ፈቃድ አምስት ዓመት ጠበቁ።

ጥር 1977 ዓ.ም. ፈቃዱን ሊቀበሉ አዲስ አበባ ሄዱ። እናታቸው ያን ጊዜ ሚዛን፣ ደሙ ባለበት በማናልሞሽ ቤት ያጣጥሩ ነበር። «የስንት ሰው ደም ራስጌዬ ተቀምጦ ነፍሴ በየት ትውጣ» ቢሉ፣ ማናልሞሽ ብልቃጦቹን በንጹሕ ነጠላ ጠቅልላ ጓሮ ቀበረቻቸው። የሰው ደም አፈር ያገኛል እንጂ ሣጥን ውስጥ አይከርምም ብላ ነው፤ ማንም አላዘዛትም። እናታቸው በማግሥቱ ዐረፉ።

ወልደጻድቅ ፈቃዱን በኪሳቸው ይዘው ለቅሶ ደረሱ። ሲነገራቸው አልተቆጡም። «ስንት ክንድ ቆፈርሽ?» ብቻ አሏት። ሁለቱም ቆፈሩ። አንድም ብልቃጥ አልተሰበረም፤ ስም የተጻፈበት ወረቀት ግን በእርጥበት ለቅቆ ነበር፣ ደሙም ሸትቷል። የማን ደም የማን እንደሆነ አልታወቀም። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ሲወለውሉ ዋሉ።

እንደገና ጀመሩ። ሰዉ ግን በመንደር ምሥረታ ተበትኗል፣ ወጣቱ ዘምቷል፣ የቀረውም «የፊተኛውን ደሜን መልስ ሳታመጣ ሌላ ልትቀዳ ነው?» አላቸው። በአራት ዓመት 41 ሰው ብቻ አገኙ። ሲቀዱ መርፌ ወጋቸው፤ ጉበታቸው ታመመ። ጅማ ታክመው ሳይሻላቸው፣ መጋቢት 3 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በ45 ዓመታቸው ዐረፉ። የጥናት ደብተራቸውን ተቀብሎ ሥራውን የሚጨርስ ሰው ፈልገን አላገኘንም።

ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውንና ይህን የጻፈችውን እህታቸውን ማናልሞሽን ትተው ሄደዋል።

ደማችሁን ሰጥታችሁ መልስ ስትጠብቁ የኖራችሁ፣ ዛሬም ከዚህ የቆማችሁ አላችሁ። መልስ የለም። ከዝንብ ነው ብለው ሞቱ፤ ማስረጃው በእጃችን የለም። ጥፋቱ የእህታቸው ነውና መቃብራቸው ላይ ቆማችሁ እሳቸውን አትጠይቁ። ደክመዋል፤ ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።