ለሙት ዓመትህ የወረደው ድንች

ይድረስ ለአንዱዓለም፣ ለእኔ ለአንዱዬ

ከተለያየን እነሆ ዓመት አለፈን። እንደምን ሰነበትክ እንዳልልህ አፌ እምቢ አለኝ፤ ዝም ብዬ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። መቼም ወሬ ትወዳለህ፤ «እኔ ሐሜት አልወድም» እያልክ ወንበርህን የምታስጠጋ ሰው ነበርክ።

ልጃችን ሶስና ትከሻዬ ጋ ደርሳለች። ኮትህን ከቁም ሳጥን አውጥታ ለብሳው ትዞራለች፤ ጉልበቷ ድረስ ይወርዳል፣ አልከለክላትም። የሰፈራችን መንገድ ድንጋይ ተነጠፈለት፤ ባጃጁ አሁን እስከ በራችን ይመጣል። አንተ በዚያ ጭቃ ጫማህን በእጅህ ይዘህ ስትመላለስ ኖረህ! ጎረቤታችን እትዬ አስካለም ደህና ናቸው፤ ምላሳቸውም እንደዚያው። ትምህርቴን ስቀጥል «የባሏ አፈር ሳይደርቅ ደብተር ይዛ ትሮጣለች» አሉ አሉ። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ፤ ነገርየዋ ግን አንጀቴ ውስጥ ገብታ ቀረች።

ያ ትምህርት እኮ የሁለታችን ነበር። ዩኒቨርሲቲው በዘላቂ አቅርቦት ሰንሰለት አስተዳደር ማስተርስ ሲከፍት ማስታወቂያውን አንብበህ የመጣኸው አንተ ነህ። ምርት ከማሳው ተነስቶ በላተኛው ዘንድ እስኪደርስ እንዴት እንደሚጓዝ፣ በመንገዱ ማን እንደሚጎዳ፣ መሬቱስ ለነገ ምን እንደሚተርፈው እያስረዳኸኝ ሽሮው አረረብኝ። ቅዳሜና እሁድ ሁለታችንም ክፍል ከገባን ሶስናን ማን ይይዛል? ተከራከርን። «አንቺ የግዥ ሠራተኛ ነሽ፣ ለሥራሽ ይቀርባል፤ ቅደሚ፣ ስትጨርሺ እኔ እገባለሁ» አልከኝ። ቀደምኩ። ምነው ባልቀደምኩ! ቢያንስ አንድ ቀን እዚያ ክፍል ተቀምጠህ፣ ያንን ብዙ ጥያቄህን ጠይቀህ ትሄድ ነበር።

ከደብረ ማርቆስ በላይ ደጋው ላይ፣ አንተ ከተወለድክበት መንደር የሚወጣውን ድንች ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥክልኝም አንተው ነህ። ነጋዴ የሚገዛው በጆንያ ቁጥር ስለሆነ ጆንያው እስኪያብጥ ይሞላና አፉ ላይ ሌላ ቁራጭ እንደ ቆብ ይሰፋበታል። ከባድ ስለሆነ ይወረወራል፤ አይሱዙ ላይ ሲደራረብ የታችኛው ይጨፈለቃል። ገበሬው የለፋበት፣ መሬቱ የደከመበት፣ ነዳጁ የነደደበት ሁሉ መንገድ ላይ ይበሰብሳል። እኔ ማሳየት የነበረብኝ በአነስተኛ መያዣ በጥንቃቄ ቢጫን ምን ያህሉ እንደሚተርፍ ነው።

አንተ ካረፍክ በኋላ ግን ጽሑፉን መንካት አቃተኝ። በመጨረሻ አማካሪዬ ጠርተው፣ እስከ ጥር ካላስገባሁ ከፕሮግራሙ እንደምሰረዝ ነገሩኝ። ካንተ ጋር የጀመርነው ነገር ደግሞ በእጄ ላይ ሊሞት ነው ብዬ ደነገጥኩ። የክፍል ጓደኛዬን ዘይነባን ይዤ ወደ መንደርህ ወጣሁ። የጉንደ ወይን ከተማ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ብታውቃት ትወዳት ነበር።

አገርህን ታውቀዋለህ። ከቀብሩ በኋላ ያላገኘኝ ሰው ሁሉ ሲያየኝ እንደ አዲስ ማልቀስ አለበት። ጥያቄዬን ሳልጀምር ነጠላ ተዘቀዘቀ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ መጡ። ዘይነባንም ዘመድ መስላቸው «እግዜር ያጥናሽ» አሏት፤ ምን ታድርግ፣ አብራ አለቀሰች። ስለ ድንች አንድ ቃል ሳልጠይቅ ተመለስን። «መረጃ ብለሽ ሄደሽ እንባ ሰብስበሽ መጣሽ» አለችኝ መኪና ውስጥ። ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄን ራሴ ፈራሁት።

እንዳይደገም ብዬ ለወንድምህ ለአያ ስመኝ ደወልኩ። «አሁን የምመጣው ለለቅሶ አይደለም፣ ለድንቹ ነው» አልኩት። ምን ቢረዳ ጥሩ ነው? ሙት ዓመትህ በገና ጾም ስለሚውል፣ ማርቆስ ቤቷ ለምትደግሰው ድግስ የወጥ ድንች ፈልጋለች ብሎ ለመንደሩ አወጀ! ስደርስ የእናትህ ደጅ በእንቅብ ተሞልቷል። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ይዞ መጥቷል፤ ከሥር ገለባ ተነጥፎ፣ ድንቹ እየተመረጠ ተደርድሮ። «ቀስ! የአንዱዓለም ነው እኮ!» ይባባላሉ ሲጭኑ። የወረወረ የለም። ተሳስታችኋል ማለቱን ትቼ አብሬያቸው ጫንኩ።

ማርቆስ ደርሰን ስናራግፍ ከእንቅቦቹ ውስጥ የተጨፈለቀ አጣሁ። በዚያው መኪና አብረው የወረዱት የነጋዴዎች ጆንያዎች ሲፈቱ የታችኞቹ ተላልጠዋል፣ ተሰንጥቀዋል። ለማራገፍ የመጣችው ዘይነባ አየችኝ፦ «እህቴ፣ ስትፈልጊው የከረምሽው ይኸው አይደል?» አማካሪዬ አንድ ጉዞ ማስረጃ አይሆንም አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ገበሬዎቹ ግን የእንቅቡ ነገር ገብቷቸው ስለነበር፣ ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን አብረውኝ እየጫኑ ተፈተነ። ጽሑፉ በጊዜው ገባ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አይደል? አንዱዬ፣ ምርጡ ምዕራፌ ከሙት ዓመትህ ተገኘ። ያ ምዕራፍ ባዶ ቀርቶ አንተ ብትኖርልኝ በወደድኩ። ሰው እንዲያ እንደሚሳሳልህ በቁምህ ባለማየትህም ይቆጨኛል። ሰሞኑን ደግሞ አዲስ ተማሪዎች ሲመዘገቡ በዚያ ሳልፍ ሰልፉን ቆሜ አየሁት። ዘንድሮ አንተ የምትቆምበት ሰልፍ ነበር።

በመጪው ሳምንት ፈታኞች ፊት እቀርባለሁ። ያንን የመጀመሪያ ጭነት ጽሑፉ ውስጥ «ለማኅበራዊ ዝግጅት የተላከ» ብዬ ነው ያሰፈርኩት። የጥናት አጻጻፍ እንዲያ ነው፤ የሰው ስም አይገባም አሉኝ። ያ ድንች ለምን እንዲያ በጥንቃቄ ተያዘ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ያኔ የማን ዝግጅት እንደነበር እነግራቸዋለሁ፤ ስምህን ከነአባትህ ስም፣ ጮክ ብዬ።

ባይጠይቁኝም እነግራቸዋለሁ።

ያንተዋ ብርቱካን