ገንፎ የጠራው ስብሰባ

ኮኪት፣ ኅዳር 1975 ዓ.ም.

ውድ ጥሩአየሁ፣

ጤናሽን ከመጠየቄ በፊት የኛን ልንገርሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ አይናዲስ ደህና ናት፣ ፍየሏም ደህና ናት። ድስቱ ግን ደህና አይደለም። አንችስ እንዴት ነሽ? የጎንደር ብርድ እንዴት ያደርግሻል?

ይህን ደብዳቤ ሰው ለምኜ ያስጻፍሁት እንዳይመስልሽ። የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ፤ ከክፍሉም አንደኛ ወጥቻለሁ። ባለፈው ዙር አንደኛ አንች እንደነበርሽ አልረሳሁም፤ ያን ጊዜ ግን እኔ አልተመዘገብሁም ነበር።

ሹፌሩ ሙሐመድጣሂር ሎሪው ላይ ሰሊጥ እያስጫነ ነው። ጭነቱ ሳያልቅ መጨረስ አለብኝ። የላክሽብኝን ቃል ያደረሰኝ እሱው ነው፦ "ቤቱ ፈርሷል ሲሉ ሰማሁ፤ ትምህርቱን ትቼ በሚመጣው ሎሪ መጣሁ በለው" ብለሻል። ጥሩዬ፣ አትምጭ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ሌላ ሰው እየጨመረ ከሚነግርሽ እኔው ራሴ እየጨመርሁ ብነግርሽ ይሻላል።

የሄድሽ ለት፣ ሎሪው ላይ ሁነሽ "ገንፎ ስታገነፋ ሌላ ነገር እንዳትነካ!" ብለሽ የጮህሽው ትዝ ይልሻል? እኔም "እርሻ ላይ ያን ሁሉ የጎጃምና የወሎ ሠራተኛ በአንድ ፊሽካ የማሰማራ ሰውዬ፣ አንዲት ድስት ታሸንፈዋለች?" ብዬ ሰውን አሳቅሁብሽ። አሸነፈችኝ።

የዚያን ቀን ጧት ሥራው አራት ነበር፦ ገንፎ፣ ፍየል ማለብ፣ አህያዋን ለውኃ መጫን፣ ለወጥ የተከተፈውን ወይካ ፀሐይ ላይ ማስጣት። ይህ ሥራ ተብሎ ነው? አልሁ። ውኃውን ጣድሁ። እስኪፈላ ተጎልቶ መጠበቅ እንደኔ ላለ ሰው ነውር ስለሆነ ፍየሏን ላልብ ወጣሁ። እያለብሁ አህያዋ ጮኸች፤ ልጭናት ተነሣሁ። ልጭን ስል ጠፍሩ ተበጥሷል። ጠፍሩን ለመስፋት ወስፌ ፍለጋ ጓዳ ስገባ የዱቄቱን ቅል አየሁ፤ ለካ ገንፎም ነበረ! ዱቄቱን ውኃው ላይ ነሰነስሁና አንድ ጊዜ አማስዬ ወደ ወስፌዬ ተመለስሁ። ወስፌውን ይዤ ስወጣ ወይካው እንደተቀመጠ ነው፤ ሰሌን ዘርግቼ አሰጣሁት። ፍየሏን ሳላስራት ትቻት ኖሮ ወተቱን በእግሯ ደፍታ ወይካው ላይ ወጣችበት። እሷን ሳባርር አህያዋ፣ ውኃ መቅጃ የሌላት፣ ጠፍር የሌላት፣ ሰው የሌላት፣ በልማዷ ብቻዋን ወደ ወንዙ ወረደች።

ይኼኔ አይናዲስ ከቤት ብቅ ብላ፣ "አባየ፣ ቤቱ ይሸታል" አለችኝ።

እዚህ ላይ ነው ብልሃት የመጣልኝ። የጎደለው ሥርዓት ነው አልሁ። የእርሻ ፊሽካዬን ከምሰሶው አውርጄ አንገቴ ላይ አጠለቅሁ። አንድ አጭር ፊሽካ፣ ከፍየል ወደ ድስት። ሌላ አጭር ፊሽካ፣ ከድስት ወደ ወይካ። አልዋሽሽም፣ ለትንሽ ጊዜ ሠራልኝ፤ እንዲያውም ይህን ብልሃት ለአገሪቱ ሴቶች ሁሉ ባስተምር ብዬ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ከዚያ ማማሰያው ገንፎው ውስጥ ተተክሎ ቀረ። ስጎትተው ድስቱ አብሮ ተነሣ። ዞር ስል ፍየሏ ተመልሳ ወይካው ላይ ናት። በንዴት ያለ የሌለ ትንፋሼን ሰብስቤ ነፋሁት።

ረጅም ፊሽካ በኮኪት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። እኔም አውቃለሁ፤ ግን ንዴት ያስረሳል።

የገበሬ ማኅበሩ አባል በሙሉ መጣልሽ! ስብሰባ የቀረ ይቀጣል፤ ማን ይቀራል? ሻይ የያዘው ከነብርጭቆው፣ እርሻ ሊወርድ የነበረው ከነማጭዱ፣ አንዱ ደግሞ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ ግማሹ ሳሙና እንደሆነ ግቢያችንን ሞሉት። ሊቀ መንበሩ ሸሚዛቸውን ሱሪያቸው ውስጥ እየከተቱ ደረሱ።

"ጓድ ደሞዝ! ስብሰባውን ማን አዘዘ? አጀንዳውስ ምንድን ነው?"

እኔ፣ አፍ የማያጣው ደሞዝ፣ ማማሰያ ከነድስቱ አንጠልጥዬ ቁሜያለሁ። አይናዲስ መለሰችልኝ።

"ገንፎ አረረ!"

ሳቁን ጎንደር ድረስ ሳትሰሚው አልቀረሽም። አንድ ሽማግሌ ከኋላ ሁነው፣ "ጓድ ሊቀ መንበር፣ ገንፎው የግል ነው የማኅበር?" ብለው ጠየቁ። ሊቀ መንበሩም ድስቱን ጎንበስ ብለው አይተው፣ "ያረረው የግል ነው" ብለው ወሰኑ። ከዚያ በከንቱ እንዳንበተን ብለው ስለ ንጽሕና ንግግር አደረጉልን። እየጠቀሱ ያሳዩ የነበረው የኔን ግቢ ነው።

ቤቱ ፈረሰ ብለው የነገሩሽ ይኼንን ነው እንግዲህ። ሙሐመድጣሂርም እዚያው ቁሞ እንባው እስኪወርድ ሲስቅ ነበር፤ ለማን እንደሚያወራው ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

ሰው ሲበተን ጎረቤታችን ኩብራ ቀረች። ሱቋን ክፍት ትታ የመጣች ናት። ድስቱን ከእጄ ነጥቃ በአሸዋ እየፈተገች፣ "ያዞል፣ ኸላስ! በቃህ አንተ ሰው፣ ተቀመጥ" አለችኝ።

"የት?"

"እዚያ በርጩማ፣ የጥሩአየሁ ዱካ ላይ።"

"የሴት ዱካ ላይ?"

"ተቀመጥ አልሁህ! ወንድነትህን ፍየሏ በልታዋለች።"

ተቀመጥሁ። ጥሩዬ፣ ይህን የምነግርሽ ለማንም እንዳትነግሪ ብዬ ነው። ዱካሽ ላይ ስቀመጥ እሳቱ በቀኝ እጄ ሆነ። ሳልነሣ ማማሰል እችላለሁ። በበሩ በኩል ፍየሏ ትታየኛለች፤ የወይካው ሰሌን ትታየኛለች፤ አይናዲስም የምትጫወትበት ጥላ ይታየኛል። በየዓመቱ ልጠግነው ስነሣ "ተወው፣ ነፋስ ያስገባል" የምትይኝ የአጥሩ ቀዳዳ አለ አይደል? በእሱ በኩል ወደ ወንዙ የሚወርደው መንገድ ከነአህያዋ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንች ተቀምጠሽ ሳይሽ ተቀምጠሻል እል ነበር። ቤቱን ሁሉ ዙሪያሽን አሰልፈሽ እየመራሽው ኖሯል!

ኩብራ አላስተረፈችኝም። "እርሻ ላይ አንዱን የሰሊጥ ክምር፣ ሂላውን፣ ሸራው ላይ አራግፎ ሳይጨርስ ሌላውን የሚያነሣ ሠራተኛ ስታይ ምን ትለዋለህ?" አለችኝ።

"ሰሊጡን ለመሬት አበደርኸው እለዋለሁ።"

"እንግዲህ አንተም ቁርሱን ለመሬት አበደርኸው።"

ከዚያን ቀን ወዲህ አንችን እሆናለሁ ብዬ አልሞክርም። ፍየሏን አልባለሁ፤ አስራታለሁ። ከዚያ ዱካሽ ላይ ቁጭ ብዬ ገንፎውን ብቻ አገነፋለሁ፤ አህያዋ የፈለገችውን ብትጮህ ጆሮ አልሰጣትም። ፀሐይ ከፍ ሳይል የምትጨርሽው ሥራ እኔን እኩለ ቀን ያደርሰኛል። ገንፎው ጓጓላ አለው። አይናዲስ ጓጓላውን እየለቀመች "ይኼ ላንተ" እያለች ታጎርሰኛለች። ልብሷ ታጥቧል፤ ትንሽ ጠበባት እንጂ ታጥቧል።

አሁን ቀልዱን ልተወው።

ትናንት አገኘሽ መጣች። ካቻምና ክረምት መንገዱ ጭቃ ሁኖ መኪና ሲጠፋ፣ ምጥ ይዟት በቃሬዛ ስንወስዳት ልጇን መንገድ ላይ ያጣችውን ታውቂያለሽ። የሴቶች ማኅበሩ "ለአዋላጅነት ሥልጠና ማን ይሂድ?" ሲል ከሁሉ ቀድሞ የተነሣው እጅ ያንች ነበር። እኔም ያን ጊዜ ደረቴን ነፋሁ እንጂ ኮራሁብሽ አላልሁም። ይኸው አሁን አልሁ።

አገኘሽ ደጁ ላይ ቁማ፣ አልገባም ብላ፣ "አያ ደሞዝ፣ ጥሩአየሁ ልትመጣ ነው አሉ። ጨርሳ ነው?" አለችኝ።

ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች።

"መቼ ነሽ?" አልኋት።

"ጥር።"

የሥልጠናሽ መጨረሻ ታኅሣሥ ነው። እኔ ጉራዬን ሁልጊዜ በራሴ ነገር ነበር የምነዛው፤ ትናንት ግን በሰው ነገር ነዛሁ። "ጨርሳ ነው የምትመጣው። ለጥር እዚህ ናት" አልኋት። እሷም ሌላ ምንም ሳትጠይቀኝ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ቀስ ብላ ሄደች። እንዲያ ቀለል ብሏት ስትራመድ ካየኋት ቆይቻለሁ።

እንግዲህ በስምሽ ቃል ሰጥቻለሁ፤ ሳላስፈቅድሽ። ተቆጭኝ፤ ግን እዚያው ሁነሽ ተቆጭኝ።

አይናዲስ ናፍቃሻለች። የሎሪ ድምፅ ስትሰማ እየሮጠች ወጥታ፣ ሹፌሩን ብቻ አይታ ትመለሳለች። እኔማ አልሮጥም፤ ትልቅ ሰው ነኝ፤ ፈጠን ብዬ እራመዳለሁ። ሎሪው ላይ ወጥተሽ ብትመጭ ሁለታችንም ደስታችን ወሰን አይኖረውም፤ የአገኘሽን ዓይን ግን ማናችንም ቀና ብለን አናይም።

ሙሐመድጣሂር ጥሩምባውን እየነፋብኝ ነው፤ "ያዞል፣ ለሚስትህ ነው ለመንግሥት የምትጽፈው?" ይለኛል።

ጥሩዬ፣ ተማሪ። ቤቱ አንች እንዳለሽበት ጊዜ አይደለም፤ ግን ቁሟል። ጠግበን አይደለም የምንጠብቅሽ፤ ግን እንጠብቅሻለን።

ባልሽ፣
ደሞዝ