የዘገየ ምርቃት፦ የመምህርት ትዝታ ወልደጻድቅ የሕይወት ታሪክ (1968–2010 ዓ.ም.)

መምህርት ትዝታ ወልደጻድቅ ከአባታቸው ከአቶ ወልደጻድቅ በላይነህ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አስካለች ገብሬ በኅዳር ወር 1968 ዓ.ም. በሸዋ ቤንች ተወለዱ። ወሩ የቡና ለቀማ ወቅት ነበርና እናታቸውን ምጥ የያዛቸው ማሳ ላይ ሳሉ እንደነበር በቤተሰቡ ይነገራል። አባታቸውም «የቡናው ልጅ» እያሉ ያቆላምጧቸው ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው በሸዋ ቤንች፣ ሁለተኛ ደረጃን በሚዛን ተፈሪ ተከታትለው በመምህርነት ከሠለጠኑ በኋላ፣ በ1988 ዓ.ም. በተወለዱበት ቀበሌ የእንግሊዝኛ መምህርት ሆነው ሥራ ጀመሩ።

በዚህ አገር ቡናው ሲቀላ ክፍሉ ባዶ እንደሚሆን የማያውቅ መምህር የለም። ባልደረቦቻቸው ስም ጠርተው «ቀሪ» ሲሉ፣ መምህርት ትዝታ ግን ተማሪ ካልመጣ መምህር ይሂዳ ብለው ከሰዓት በኋላ ወደ አባታቸው የቡና ማሳ ይወርዱ ነበር። ልጆቹ በእጃቸው ቀዩን ፍሬ እየለቀሙ በአፋቸው የሳምንቱን ቀናትና የእንስሳቱን ስም በእንግሊዝኛ ይጠራሉ። አቶ ወልደጻድቅ «ለቃሚዎቼን እንግሊዝ አደረገቻቸው፤ ቅርጫቱም አልሞላ አለ!» እያሉ ቢያማርሩም ለጎረቤት ሲያወሩት በኩራት ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ወ/ሮ አስካለች ዐረፉ። በተከታዩ ዓመት ቤተ ክርስቲያናቸው ከድንበር ማዶ፣ ያን ጊዜ ገና ራሱን የቻለ አገር ባልሆነው በደቡብ ሱዳን፣ በአንድ የከብት አርቢዎች መንደር ሕፃናትን እንግሊዝኛ የሚያስተምር በጎ ፈቃደኛ ፈለገች። ደመወዝ የለውም፤ ማደሪያና ምግብ ብቻ። መምህርት ትዝታ እሄዳለሁ አሉ። አባታቸው በእናታቸው ሐዘን ላይ ይህ ሲጨመርባቸው አመማቸው።

በቤተሰቡ ወግ መንገደኛ በአባቱ ጉልበት ሥር ተንበርክኮ ሳይመረቅ ደጃፍ አይሻገርም። በመስከረም 2000 ዓ.ም. የመሄጃቸው ዕለት መምህርት ትዝታ ሻንጣቸውን ደጅ አስቀምጠው ተንበረከኩ። አቶ ወልደጻድቅ ግን «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች! እዚህ ያሉት ልጆች ልጆች አይደሉም?» ብለው ተነሡና ወደ ቡናቸው ሄዱ። መምህርትም ጥቂት ጠብቀው ተነሡ። እልኸኝነት በዚህ ቤት የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ሳይመረቁ መሄዳቸው ግን ዘመናቸውን ሙሉ ከልባቸው አልወጣም።

በሄዱበት መንደርም በጋው ሲገባ ልጆቹ ከብቶቹን ተከትለው ወደ ወንዝ ዳር ግጦሽ ሄዱ፤ ክፍሉ ወና ሆነ። ኃላፊዎቹ ተማሪ የሌለው ትምህርት ቤት ምን ያደርጋል ብለው ሊዘጉት ተነሡ። መምህርት ትዝታ መጀመሪያ ልጆቹ ይመለሳሉ ብለው በባዶ ክፍል ተቀምጠው ሰነበቱ። ኋላ የአባታቸው ማሳ ትዝ አላቸው። ትንሿን ሰሌዳ እንደ ሕፃን በጀርባቸው አዝለው ወደ ከብቶቹ ሰፈር ወረዱና ልጆቹ ከብት እየጠበቁ እንዲማሩ አደረጉ። ትምህርት ቤቱም ሳይዘጋ ቀረ። ለአንድ ዓመት የሄዱት መምህርት ወባ እየጣለ ቢያነሳቸውም ሦስት ዓመት ቆዩ።

በ2003 ዓ.ም. ሲመለሱ አቶ ወልደጻድቅ ሚዛን መናኸሪያ ድረስ ወርደው ተቀበሏቸው። የከብቶቹን ሰፈር ነገር ሲሰሙ «እንዲህ ማድረግን ማን አስተማረሽ?» ብለው ጠየቁ። «የአባባ ቡና ማሳ ነዋ!» አሏቸው። አባት ዐይናቸውን ጠረግ አድርገው የልጃቸውን ሻንጣ አነሡ።

ሆኖም ምርቃቱን አልሰጡም። «ምርቃት ለሚሄድ ሰው ነው፤ አንቺ መጥተሽ የለ!» አሉ። ከዚያ በኋላ መምህርት ትዝታ ሚዛን ገበያ ለመውረድ በተነሡ ቁጥር እየሳቁ ይንበረከኩ ነበር፤ እሳቸውም «ለሽንኩርትማ አልመርቅም!» እያሉ ያስነሷቸዋል። ቤቱ ይስቃል። ታናሽ እኅታቸው መክሊት ግን ከሳቁ በኋላ የእኅቷ ፊት ቅር ሲለው ታይ ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ከቴፒው ተወላጅ ከአቶ ባምላኩ ጋር ጋብቻ መሥርተው በ2005 ዓ.ም. ልጃቸውን ሙሴን ወለዱ። በቡና ወራትም እንደ ልማዳቸው ከማሳ ማሳ እየዞሩ ማስተማሩን አልተዉም።

በ2009 ዓ.ም. በጡት ካንሰር ታመው በአገር ውስጥ ሕክምናቸውን ሲከታተሉ ቆዩ። ሕክምናው ከዚህ በላይ እንደማይረዳቸው ሲነገራቸው ወደ አባታቸው ቤት እንዲወስዷቸው ጠየቁ። አንድ ማለዳ «አባባ፣ አሁንስ ልሄድ ነው» አሉ። መንበርከክ አይችሉም ነበርና አቶ ወልደጻድቅ በስተርጅናቸው አልጋው ሥር ተንበረከኩ።

መምህርት ትዝታ ወልደጻድቅ ግንቦት 19 ቀን 2010 ዓ.ም. በተወለዱ በ42 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። አባታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ እኅታቸውን እና በጠረፉ ወዲህና ወዲያ ያሉ ተማሪዎቻቸውን ትተው አልፈዋል። ለቀብራቸው ለመጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል።

በዚህ ቦታ የሚነበበው የስንብት ቃል የታወቀ ነው። አቶ ወልደጻድቅ ግን በዚያ ማለዳ አልጋው ሥር የተናገሩት በሕዝብ ፊት እንዲነበብላቸው ለምነዋል፦

«ልጄ፣ ያኔ የከለከልኩሽ ጠልቼሽ አይደለም፤ ቤቱ ባዶ እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነው። አሁን መርቄሻለሁ። የሄድሽበት ይቅናሽ። መንገድሽ ብርሃን ይሁን። እናትሽን ሰላም በይልኝ። ተመለሺ አልልሽም፤ እኔው እመጣለሁ።»